በወጣትነት የተወደደን መጽሐፍ ደግሞ ስለ ማንበብ

ሰው ከሌላው ፍጥረት ተለይቶ ከሚከበርባቸው ነገሮች አንዱ ያለፈውን ዘመን በኅሊናው ይዞ መኖሩ ነው። ከተወለደበት መንደር ርቆ፥ በዕድሜም በማዕርግም ከፍ ብሎ የሚኖር ሰው እንኳ በሥራው መካከል፥ ይልቁንም ክረምት ገብቶ ዝናም ጣራውን ሲመታው፥ የእናቱን ምድጃ ጢስ፥ የእሸቱን መዓዛ፥ ከጓደኞቹ ጋራ ጥጃ ሲጠብቅ የዋለበትን መስክ ማሰቡ አይቀርም። ይህ ማሰብ በአማርኛ ትዝታ ይባላል። ሕዝቡም ለዚህ ነገር የሰጠው ስፍራ እጅግ ከፍ ያለ ስለ ሆነ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ከሚባሉት ጋራ ከአራቱ የዘፈን ቅኝቶች አንዱን ትዝታ ብሎ ሰይሞታል።

ነገር ግን ትዝታ ጣፋጭ እንደ ሆነ ሁሉ አታላይም ነው። ሰው ያለፈውን ሲያስብ የሚያስበው እንደ ነበረ ሳይሆን እንደ ወደደው ነው። በልጅነቱ የተራበበትን ቀን ረስቶ የጠገበበትን ያነሣል፤ መምህሩ የገረፈውን ረስቶ የመረቀውን ይናገራል። ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው፥ በልቡ ባሕር ያህል ይታየው የነበረው ወንዝ በአንድ ርምጃ የሚታለፍ ምንጭ ሆኖ፥ ሰማይ የሚነካ ይመስለው የነበረው ዋርካም እንደ ማንኛውም ዋርካ ሆኖ ባገኘው ጊዜ ይደነግጣል። ወንዙ ጠብቦ ዛፉም አጥሮ አይደለም፤ ሰውየው አድጎ ነው እንጂ። ስለዚህ ትዝታ ብቻውን የቆመ እንደ ሆነ እንደ ነጠላ ምስክር ነው። በነጠላ ምስክር ደግሞ ነገር አይረታም።

ሁለተኛው ምስክር ከወዴት ይገኛል? የተወለደበት ቤት ፈርሶ ይሆናል። ጎረቤቶቹ ግማሾቹ ሞተው፥ ግማሾቹ ተበትነው ይሆናል። በሕይወት የተገኘው የልጅነት ጓደኛም ሸምግሎ እርሱም በፈንታው የሚናገረው የራሱን ትዝታ ነው። በወጣትነት የተወደደ መጽሐፍ ግን አይለወጥም። ያን ጊዜ በአንዱ ገጽ ላይ የተጻፈው ቃል ዛሬም በዚያው ገጽ ላይ አለ፤ አንዲት ፊደል አልተጨመረችበትም፥ አንዲት ፊደልም አልጐደለችበትም። እንግዲህ መጽሐፉ ሲነበብ ሌላ መስሎ የታየ እንደ ሆነ የተለወጠው አንባቢው መሆኑ ጥርጥር የለውም። በወጣትነት የተነበበን መልካም መጽሐፍ በጐልማሳነትና በሽምግልና ደግሞ ማንበብ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። ሰው ዕድገቱን ወይም ጕድለቱን የሚለካበት፥ ትዝታውንም የሚያቀናበት ሚዛን ይሆነዋልና።

ይህ ሐሳብ ለኢትዮጵያ ሰው ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሕፃኑ ፊደል ከቈጠረ በኋላ ፊደለ ሐዋርያ የሚባለውን የዮሐንስን መልእክት ያነባል፤ ከዚያም በየደረጃው አልፎ ወደ ዳዊት ይገባል። ዳዊትን ለጨረሰ ልጅም ወላጆቹ ደስ ብሏቸው ይደግሱለት ነበር። እዚህ ላይ የቋንቋውን ነገር ልብ ማድረግ ይገባል። ሌላውን መጽሐፍ አነበበ ሲባል ዳዊትን ግን ደገመ ይባላል። ዳዊት ደጋሚ ማለትም 150ውን መዝሙር፥ ከርሱም ጋራ 15ቱን የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይን አንድ ጊዜ አንብቦ ያለፈ ሰው ማለት አይደለም፤ በየዕለቱና በየሳምንቱ እየተመላለሰ የሚያነብ ሰው ማለት ነው። አባቶች ስለ መጽሐፍ የነበራቸው አሳብ በዚህ በአንድ ቃል ይታወቃል። በእነርሱ ዘንድ መልካም መጽሐፍ ማለት የሚደገም መጽሐፍ ማለት ነበር።

አንዳንድ ሰው ግን ይህ ልማድ የመጣው ከመጽሐፍ እጦት ነው ይል ይሆናል። በርግጥ በዚያ ዘመን አንድ ዳዊት ለማግኘት የብዙ ፍየል ቆዳ መፋቅ፥ ጸሓፊውም ወራት ሙሉ አጐንብሶ መጻፍ ነበረበት። ተጽፎ ከተደጐሰ በኋላም በማኅደር ተከቶ ከቤቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀል ነበር እንጂ እንደ ዛሬው በየስፍራው አይጣልም ነበር። ሆኖም ነገሩ በእጦት ብቻ የሚፈታ አይደለም። ብዙ መጻሕፍት በሚገኙባቸው በታላላቆቹ የመጻሕፍት ጉባኤ ቤቶች ሳይቀር ደቀ መዝሙሩ ያንኑ ንባብ ደጋግሞ ይሰማል፤ መምህሩም የአንዱን ቃል ትርጓሜ ከተናገረ በኋላ «አንድም» ብሎ ሌላ ትርጓሜ፥ ደግሞም «አንድም» ብሎ ሦስተኛ ትርጓሜ ይጨምራል። ንባቡ አንድ ሲሆን ምሥጢሩ ብዙ መሆኑን ያመነ ሕዝብ፥ አንድ ጊዜ ያነበብሁት ይበቃኛል ሊል አይችልም።

በዛሬው ዘመን የማተሚያ መኪና በዝቶ መጽሐፍ ማግኘት ከቀድሞው ይልቅ ቀሏል፤ ይህም የሚያስመሰግን ነገር ነው። ነገር ግን ከመጽሐፉ መብዛት ጋራ የመድገም ልማድ አብሮ እየቀነሰ ሄደ። ተማሪው መጽሐፍን የሚያነበው ለፈተና ነው። ፈተናው ካለፈ በኋላ መጽሐፉ ይሸጣል፥ ወይም በአቧራ ተሸፍኖ ይቀራል፥ ከዚያም የባሰ እንደ ሆነ ገጹ እየተገነጠለ የቈሎ መጠቅለያ ይሆናል። ሥራ የያዘውም ጐልማሳ በወጣትነቱ ያነበበውን መጽሐፍ ስም ሲሰማ «እርሱንማ ዱሮ አንብቤዋለሁ» ብሎ ያልፈዋል። ዱሮ ያነበበው ግን ሌላ ሰው መሆኑን አያስተውልም፤ ያ የ15 ዓመት ልጅና ይህ የ45 ዓመት የቤት ጌታ በስም እንጂ በአሳብ አንድ አይደሉምና።

ነገሩ በምሳሌ ይገለጥ ዘንድ በኢትዮጵያ እጅግ ከተወደዱት መጻሕፍት አንዱን፥ ፍቅር እስከ መቃብርን መመልከት ይበቃል። የመጽሐፉ ደራሲ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጐጃም ተወለዱ። በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተምረው ኋላ ወደ አዲስ አበባ በመምጣት ወደ ዘመናዊው ትምህርት ገቡ። በጠላት ወረራ ዘመን ከአርበኞች ጋራ ተሰልፈው ሲዋጉ ተማርከው በኢጣልያ ደሴቶች ታሰሩ። ከነጻነት በኋላም በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት አገራቸውን አገልግለው በ1996 ዓ.ም. ዐረፉ። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. በታተመ ጊዜ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት አልፎ ነበር። እንግዲህ ይህ መጽሐፍ ራሱ ብዙ አገር ያየ፥ ብዙ መከራ የተቀበለ ሰው የወጣትነቱን አገር ደግሞ ያነበበበት መጽሐፍ ነው ማለት ይቻላል።

ብዙ ሰዎች ይህን መጽሐፍ ከማንበባቸው በፊት ያወቁት በጆሮ ነው። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በሚባለው ዝግጅት ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በተረከው ጊዜ፥ ሬዲዮ ያለው ቤት ሬዲዮ ከሌለው ቤት ሰው ይሰበስብ ነበር። አባት ከሥራ ተመልሶ፥ እናት የቡናውን ሲኒ ይዛ፥ ልጆች መደብ ላይ ተደርድረው፥ በኵራዝ ብርሃን የሚያዳምጡት ነገር ከአንድ ቤተ ሰብ ትዝታ ጋራ ተጋብቶ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን በእጁ የያዘ ሰው ሁሉ ፊደሉን በዓይኑ ሲያይ ድምፁን በጆሮው እንደሚሰማ ይናገራል። ከዚህም የተነሣ መጽሐፉ የደራሲው ብቻ ሳይሆን የየቤቱም ታሪክ ሆነ።

እንግዲህ አንድ አንባቢ ይህን መጽሐፍ በ15 ዓመቱ ያነበበው እንደ ሆነ ልቡ የሚከተለው በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ነው። መምህሩ በዛብህ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ገብቶ ልጃቸውን ሲያስተምር፥ ፊደሉ ወደ ፍቅር ሲለወጥ፥ የሁለቱ ወጣቶች ምሥጢር እንዳይገለጥ አንባቢው በትንፋሹ ይጠብቃል። ሌላውን ሁሉ ቸኵሎ ያልፈዋል። ስለ ገባሩ፥ ስለ ርስቱ፥ ስለ ሽማግሌዎች ክርክር የተጻፈው ገጽ ፍቅረኞቹ እስኪገናኙ ድረስ የሚያስቸግር አቀበት ሆኖ ይታየዋል። መጽሐፉን ሲዘጋም አልቅሶ፥ የእኔም ፍቅር እንዲህ ይሁን ብሎ ይመኛል። ይህ ንባብ ሐሰት አይደለም፤ ግን የመጀመሪያው ትርጓሜ ነው። አንድም የሚባለው ገና አልመጣም።

ያው አንባቢ በ30 ዓመቱ፥ ሥራ ይዞ፥ በቢሮና በገበያ የሰውን ጠባይ ካወቀ በኋላ መጽሐፉን ደግሞ የገለጠ እንደ ሆነ፥ በልጅነቱ የሳቀበት ጕዱ ካሳ ተነሥቶ በፊቱ ይቆማል። መንደሩ እብድ ብሎ የሰየመው ይህ ሰው ያረጀውን ልማድ እየነቀፈ ሲናገር፥ ለ15 ዓመቱ ልጅ የሚያስቅ ንግግር ብቻ ነበር። ለ30 ዓመቱ ሰው ግን ሳቁ ወደ ሐፍረት ይለወጥበታል፤ እርሱ ራሱ በስብሰባ ላይ እውነት የተናገረውን ሰው አብሮ የሳቀበትን ቀን ያስታውሳልና። አእምሮ ያለው ሰው ብቻውን በቆመ ጊዜ እብድ መባሉ በጐጃም ብቻ፥ በዚያም ዘመን ብቻ የተደረገ ነገር አለመሆኑን ያን ጊዜ ይረዳል።

ልጅ ወልዶ ካሳደገ በኋላ ደግሞ ቢያነበው፥ ዓይኑ የሚያርፈው በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ባሉት በሁለቱ ሰዎች፥ በቦጋለ መብራቱና በውድነሽ በጣሙ ላይ ነው። ወጣቱ እነዚህን ሰዎች ወደ ታሪኩ መግቢያ በር ናቸው ብሎ ረግጧቸው አልፎ ነበር። ወላጅ የሆነው አንባቢ ግን ልጅ እንዳይሞትባቸው ሲሉ ያንኑ ልጅ ለእግዚአብሔር ስለት የሰጡትን እናትና አባት ሲያይ ገጹን ማለፍ ይሳነዋል። ከፍቅር የተነሣ የተደረገ ስለት በልጁ ትከሻ ላይ ዕድሜውን ሙሉ የሚከብድ ቀንበር እንደሚሆን ያያል። ወዲያውም ወደ ራሱ ቤት ተመልክቶ፥ ለልጄ ብዬ ያሰርሁበት ስለት የትኛው ነው? ብሎ ይጠይቃል። ሐኪም ሁን፥ መሐንዲስ ሁን፥ ከአገር ውጣ እያለ ልጁን በራሱ ምኞት ያሰረ ወላጅ በዛሬው ጊዜ ጥቂት አይደለምና።

በመጨረሻ ጠጕሩ ሲሸብት ያነበበው እንደ ሆነ በወጣትነቱ አምርሮ የጠላቸውን ፊታውራሪ መሸሻን በሌላ ዓይን ይመለከታል። ይወዳቸዋል ማለት አይደለም። በትውልድ ትዕቢት ታውረው የልጃቸውን ዕድሜ ያለ ባል ያሳለፉት፥ በገባሩ ላይ ከልማድ በላይ ሸክም ጭነው በአበጀ በለው መሪነት ያስነሡት እርሳቸው ናቸው። ሆኖም ሽማግሌው አንባቢ በርሳቸው ውስጥ ዘመን ጥሎት እንደ ሄደ ያልተገነዘበውን ሰው ያያል። እርሱም ራሱ በልጆቹ ፊት «በእኛ ጊዜ» እያለ ሲፎክር ከፊታውራሪው ምን ያህል እንደሚርቅ ይመረምራል። ወጣቱ በፊታውራሪው ላይ ፈርዶ ነበር፤ ሽማግሌው ግን በራሱ ላይ መፍረድን ከዚያው ገጽ ይማራል።

ፊደሉ ሳይለወጥ አራት ጊዜ አራት መጽሐፍ ሆነ ማለት ነው። በዚህም ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ይገኛል። ያለፈውን ዘመን የሚናፍቅ ሰው ስለ አገር ቤት ሲናገር ሁሉን ደግና ሁሉን ጣፋጭ አድርጎ ይናገራል። ሰዉ ይከባበር ነበር፥ እህሉ ይትረፈረፍ ነበር፥ ጎረቤት ለጎረቤት ያዝን ነበር ይላል። የተናገረው ውሸት ነው አይባልም። ነገር ግን የሚወደውን መጽሐፍ ደግሞ የገለጠ እንደ ሆነ፥ የቡናው ጢስና የገባሩ እንባ በአንድ መንደር አብረው ይኖሩ እንደ ነበር ያነባል። መጽሐፉ ትዝታውን አያጠፋበትም፤ የጐደለውን ይሞላበታል እንጂ።

ዘመንም እንደ ሰው ዕድሜ ንባብን ይለውጣል። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ ስለ ገባርና ስለ ባለ ርስት የተጻፈውን ያነበበ ሰው በዓይኑ የሚያየውን ነገር ማንበቡ ነበር። ከ9 ዓመት በኋላ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ በታወጀ ጊዜ ያው ገጽ ያለፈ ታሪክ ሆነ። ዛሬ በከተማ የተወለደ ልጅ ገባር የሚለውን ቃል ትርጕም አባቱን ይጠይቃል። አባት ደግሞ መልስ ለመስጠት የራሱን አባት ኑሮ ለማስታወስ ይገደዳል። በዚህ አኳኋን አንድ መጽሐፍ ሦስት ትውልድ በአንድ ማዕድ ዙሪያ ያስቀምጣል። በመካከላቸው መጽሐፉ ባይኖር ኖሮ አያት ብቻውን በተረከ፥ የልጅ ልጅም በሰለቸ ነበር።

ከአገራቸው ወጥተው በአሜሪካ፥ በአውሮፓ፥ በእስራኤልና በዐረብ አገሮች ለሚኖሩት ደግሞ ነገሩ የበለጠ ይከብዳል። ስደተኛ ሰው ከአገሩ ሲወጣ አገሩን በወጣበት ቀን መልክ በልቡ ሥሎ ይሄዳል። ዓመታት ሲያልፉ አገሩ ይለወጣል፤ ሥዕሉ ግን አይለወጥም። በሻንጣው ውስጥ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋራ አንድ ያረጀ የአማርኛ መጽሐፍ የያዘ ሰው ግን ከቋንቋው ጋራ ያለው ገመድ አይበጠስም። ያን መጽሐፍ በየጊዜው ገልጦ ጮኾ የሚያነብበት ቤት፥ በባዕድ አገር ተወልዶ አማርኛን በጆሮው ብቻ የሚያውቀው ልጅ፥ የአባቱ አገር ዘፈንና ምግብ ብቻ ሳይሆን ክርክርና አሳብም እንዳለው የሚማርበት ቤት ይሆናል።

እርግጥ ነው፥ በወጣትነት የተወደደ መጽሐፍ ሁሉ ሲደገም ጣዕሙ አይቆይም። ሰው በ15 ዓመቱ ሌሊቱን ሙሉ ያነበበውን አንዳንዱን መጽሐፍ በ40 ዓመቱ ቢገልጠው፥ ቃሉ ባዶ፥ ሰዎቹም ከእንጨት የተጠረቡ ሆነው ያገኛቸዋል። ይህን ፈርቶ ትዝታዬ ይበላሽብኛል በማለት መጽሐፉን ሳይከፍት የሚያስቀምጥ ሰው አለ። ነገር ግን ይህ ፍርሃት የሚገባ አይደለም። ወርቅ በእሳት ሲፈተን ዝገቱ ቢወጣ ለባለቤቱ ጥቅም ነው እንጂ ጕዳት አይደለም። ያ መጽሐፍ ባዶ ሆኖ መገኘቱ ባለቤቱ ከዚያ ወዲህ ማስተዋልን እንደ ጨመረ ያስታውቃል፤ ያንንም ያወቀ ሰው ስለ ልጅነቱ ፈገግ ብሎ መጽሐፉን በክብር ወደ ስፍራው ይመልሰዋል። ሲፈተን የጸናውን ግን እንደ ዕድሜ ጓደኛ ይይዘዋል።

ሌላም ተቃውሞ አለ። ዕድሜ አጭር ነው፥ መጽሐፍም ብዙ ነው፥ አዲስ ዕውቀት በየቀኑ ሲወጣ የቀድሞውን መደጋገም ጊዜ ማባከን ነው የሚሉ ሊቃውንት አይታጡም። ለሳይንስና ለእጅ ሥራ ትምህርት ይህ አነጋገር እውነትነት አለው፤ አሮጌ የሕክምና መጽሐፍ የሚደግም ሐኪም በሽተኛውን ይጐዳልና። ስለ ሰው ጠባይና ስለ ኅሊና የተጻፈ መጽሐፍ ግን እንዲህ አይደለም። አዲስ ወዳጅ የሚፈልግ ሰው አሮጌውን ወዳጁን መጠየቅ ይተዋልን? አንድ ገበሬ አዲስ መሬት ስላቀና የአባቱን እርሻ ጦም ያሳድረዋልን? አሥር መጻሕፍት አዲስ ያነበበ ሰው በመካከላቸው አንዱን አሮጌ ቢደግም፥ አዲሶቹን የሚመዝንበት ሚዛን ያገኛል እንጂ ጊዜ አልባከነበትም።

ከዚህም ጋራ በወጣቱና በሽማግሌው መካከል ስላለው ቅሬታ ማሰብ ያስፈልጋል። ሽማግሌው፥ የዛሬ ልጅ አያነብም ብሎ ይወቅሳል። ወጣቱም በፈንታው፥ አባቶች የሚያውቁት ያለፈውን ማመስገን ብቻ ነው ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው። ነገር ግን ልጁን አያነብም የሚለው አባት ራሱ መጽሐፍ ከገለጠ ስንት ዓመቱ ነው? ልጅ የሚከተለው የአባቱን ምክር ሳይሆን የአባቱን ልማድ ነው። አባት በወጣትነቱ የወደደውን መጽሐፍ አውጥቶ፥ አቧራውን አራግፎ፥ ማታ ማታ ጥቂት ገጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢያነብ፥ ልጁም ይህ ነገር ምን ቢሆን ነው አባቴ ሁለት ጊዜ የሚያነበው? ብሎ ቀርቦ ይሰማ ነበር። ወቀሳ ያላመጣውን ነገር ምሳሌነት ሊያመጣው ይችላል።

ስለዚህ ሊደረግ የሚገባው ነገር ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በየቤቱ፥ ቤቱ ጠባብ ቢሆን እንኳ፥ ለጥቂት መጻሕፍት የሚሆን መደርደሪያ ይኑር። በዚያም ላይ የአባትና የእናት የወጣትነት መጻሕፍት በክብር ይቀመጡ። ያነበበም ሰው ያነበበበትን ቀንና ዓመተ ምሕረት በመጽሐፉ መጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፍ። ከዓመታት በኋላ ሲደግመው ሁለተኛውን ቀን ከሥሩ ይጨምር። ልጆቹም መጽሐፉን በወረሱ ጊዜ በየትኛው ዕድሜው አባታቸው ይህን እንዳነበበ ያያሉ፤ የራሳቸውንም ቀን ከርሱ ቀጥለው ይጽፋሉ። ከዚህ የበለጠ የቤተ ሰብ ርስት ማግኘት ያስቸግራል።

መምህራንም በበኩላቸው ተማሪው በታችኛው ክፍል ያነበበውን አንድ ታሪክ በላይኛው ክፍል ደግሞ እንዲያነብና ምን አዲስ ነገር እንዳገኘበት እንዲጽፍ ቢያደርጉት፥ ንባብ ለፈተና ብቻ የሚደረግ ሥራ አለመሆኑን በራሱ ምስክርነት ይረዳዋል። መጽሐፍ ለመግዛት አቅም የሌለውም ሰው ፈጽሞ ተስፋ መቍረጥ አይገባውም። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ የቆመው የአገሪቱ ጽሑፍ ተጠብቆ ለአንባቢ ይደርስ ዘንድ ነው። በ2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የአብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ብዙ አንባቢ የሚይዝ ሰፊ ስፍራ ነው። እነዚህን በመሳሰሉት ቤቶች ወጣቱ አዲስ መጽሐፍ ሲፈልግ፥ ሽማግሌውም የዱሮውን መጽሐፍ ሊፈልግ ቢሄድ፥ ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ይገናኛሉ።

አሮጌ መጽሐፍ በቤቱ ያለውም ሰው ለመጠቅለያ ከመስጠቱ በፊት ደግሞ ደጋግሞ ያስብ። በአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ዘንድ ሽፋኑ ተገንጥሎ፥ የመጨረሻው ገጽ ጠፍቶ የሚገኝ መጽሐፍ ሁሉ ከአንድ ሰው ወጣትነት የተነጠለ ነው። በዳሩ ላይ የተሰመረው መስመር፥ በኅዳጉ የተጻፈው አጭር ቃል፥ በገጾቹ መካከል ደርቆ የቀረው አበባ፥ ባለቤቱ ያን ጊዜ ምን ያስብ እንደ ነበረ የሚናገሩ ናቸው። ይህን ጥሎ ስለ ልጅነቱ የሚያዝን ሰው፥ ቍልፉን ወንዝ ጥሎ በሩ ተዘጋብኝ ከሚል ሰው በምን ይለያል?

የተወለዱበት ቤት ይፈርሳል፤ የተጫወቱበት መስክም መንገድና ሕንጻ ይሠራበታል። ይህ የዓለም ሥርዐት ስለ ሆነ ማንም ሊከለክለው አይችልም፤ ዕድገት ያለበትም ስለ ሆነ ሁልጊዜ ሊታዘንበት አይገባም። በመልካም መጽሐፍ ውስጥ ያለው መንደር ግን በሩ አይዘጋም፤ የቀድሞው ልጅ ጐልማሳ ሆኖ፥ ጐልማሳውም ሽማግሌ ሆኖ ይገባበት ዘንድ ይጠብቀዋል። አባቶች ዳዊታቸውን እየደገሙ እንዳረጁ፥ የዛሬም ሰው ከወጣትነቱ መጻሕፍት መርጦ ቢያንስ አንዱን እየደገመ ቢያረጅ፥ ስለ አገሩና ስለ ልጅነቱ ለልጆቹ የሚነግራቸው ነገር ምኞት ብቻ መሆኑ ቀርቶ እውነትም ይሆናል።